የፈሂማ ዓሦችና ታችኛው ገንዳ

ዐብዱልመሊክ ቧንቧ ለመጠገን ሲጠራ መጀመሪያ የሚያወጣው መፍቻ አይደለም። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል። ኤረር በር አካባቢ ያሉ ሴቶች፣ «ዝም በሉ፣ ሐኪሙ እያዳመጠ ነው» እያሉ ይሥቁበታል። እሱ አይቀየምም። ውሃ የት እንደሚያፈስ፣ የት አየር እንደያዘ፣ የት አሸዋ እንደደፈነው በድምፁ ያውቃል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም፤ ሲሠራ ኖሮ የመጣለት ነው።

አባቱ በአህያ ውሃ እያመላለሰ ይሸጥ ነበር። ዐብዱልመሊክ ከአህያዋ ኋላ እየሄደ፣ ከበርሜሉ ጠብ የምትለውን በመዳፉ እየተቀበለ ነው ያደገው። ጎረምሳ ሲሆን የቧንቧ መስመር የሚዘረጉ ሰዎች ቆፋሪ ሲፈልጉ ገባ። እየቆፈረ ገጣጣሚዎቹን ያይ ነበር፤ አንድ ቀን ገጣጣሚው ታሞ ሲቀር ቧንቧውን እሱ ገጠመው፤ ከዚያ በኋላ አካፋ የሰጠው የለም። አሁን ጢሙ ነጥቷል። በሐረር ግንብ ውስጥ፣ በጁገል፣ እሱ ያልወጣበት ጣሪያ፣ እሱ ያልተከለው የውሃ ሮቶ ጥቂት ነው።

የሐረር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውን የሚረሳበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ውሃ በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ያለውን ዕቃ ያወጣል። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የልጆች መታጠቢያ ሳይቀር ይሞላል። በዐብዱልመሊክ ቤት ደግሞ ይብሳል። አፉ ድረስ ያልሞላ ዕቃ ካየ ውስጡን ይበላዋል። ማንቆርቆሪያው እንኳ ግማሽ ከሆነ ተመልሶ ሄዶ ይሞላዋል።

ሌላም ልማድ አለው። ሮቶ ከመጠን በላይ ሲሞላ ትርፉን ወደ ውጭ የምታፈስ ትንሽ ቧንቧ አለች። እሱ ሮቶ በተከለ ቁጥር ይቺን ቧንቧ በክዳን ይደፍናታል። ጎረቤት ጠምቶት ሳለ ከአንድ ሰው ጣሪያ ውሃ መንገድ ላይ ሲንጠባጠብ ማየት በሰፈሩ ነውር ነው፤ ጎረቤት መጥቶ በር ያንኳኳል። የሙያ ጓደኞቹም እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ባለቤቱም አመስግኖ ነው የሚሸኛቸው።

ሚስቱ ፈሂማ የወደቀችው በውሃ ቀን ነው። ከጀሪካን የፈሰሰ ውሃ የቤቱን ወለል አርሶት ነበር፤ ሙሉ ባልዲ ይዛ ስትገባ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪም ቤት በብረት ተገጠመላት። አጥንቱ እስኪጠና ተኚ፣ ከዚያ በመደገፊያ ቀስ እያልሽ ተራመጂ አሏት። መተኛቱን ተኛች፤ መራመዱን ግን ፈራችው። ባለ አራት እግሩ የብረት መደገፊያ እራስጌዋ ቆሞ ልብስ መስቀያ ሆነ።

ፈሂማ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ስትጠራ፣ ስትከራከር፣ ያለፈውን ያገደመውን ስትነካካ ነው የምትውለው። አሁን ቀይ አፈር በተቀባው ነደባ ላይ፣ ድሮ እንግዳ በሚቀመጥበት በዚያ ከፍ ያለ መደብ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች እያየች ትውላለች።

«ሳህኖቹ ሰለቹኝ» አለችው አንድ ቀን። «እነሱም እኔን ሳይሰለቹ አይቀሩም።»

ቀልዱን ሰምቶ ሣቀ። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱም ቀነሰ፣ ምግቡም ቀነሰ። ዐብዱልመሊክ ከሥራ ሲመለስ የውጭው በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ይጥላል። ድሮ ድምፅዋ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ምንም የለም። ይህ ዝምታ ደፍኖ ከሚያውቀው ቀዳዳ ሁሉ በላይ አስጨነቀው።

በዚያው ሰሞን አዲሱ ከተማ ውስጥ የሚገኝ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያውን ሲያድስ የመስታወት የዓሣ ገንዳውን ሊያስወግድ ሆነ። የሆቴሉን ቧንቧ የሚጠግነው ዐብዱልመሊክ ስለነበር፣ «ከፈለጉት ከነዓሦቹ ይውሰዱት» አሉት። ሁለት ጊዜ አላስነገረም። ትልቁን ገንዳ፣ የብረት መቆሚያውን፣ ከመቆሚያው ሥር የሚገባውን ታችኛውን ገንዳ፣ ፓምፑን፣ ወርቅማ ዓሦቹንም በባልዲ አድርጎ በባጃጅ አመላለሰ። ባጃጁ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ሲደርስ ጎረቤቶቹ ተሸከሙለት፤ የገንዳውን መስታወት እንደ ሙሽራ ዕቃ አጅበው አስገቡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላይኛው ገንዳ አንድ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለችው። ውሃው የክፍሏን ጠርዝ ተሻግሮ ይገባና ከሥሯ ባለው ቀዳዳ፣ በቧንቧ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል። እዚያ በስፖንጅና በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ይጣራል። ከዚያ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያው ውሃ ይዞራል፤ ቶሎ ቶሎ አይደፋም። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፈሂማ ዓሦቹን ባየች ቀን ትራሴን ከፍ አድርጉልኝ አለች። በነጋታው ስም አወጣችላቸው፤ ሁሉንም በገበያ ጓደኞቿ ስም። አንዱ ጥግ ይዞ የማይንቀሳቀሰው ደላላው ሆነ። አንዷ ከሁሉ ጋር የምትጋፋ ነበረች። ወሬው ገበያ ደረሰና በርበሬ ነጋዴዋ ናፊያ ልትጠይቃት መጣች።

«ይቺ ወፍራሟ ማን ትባላለች?» አለች ናፊያ ገና ሳትቀመጥ።

ፈሂማ ሻሽዋን ማስተካከል ጀመረች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ናፊያ ትባላለች» አለ ዐብዱልመሊክ፣ መቆሚያው ሥር አጎንብሶ እየሠራ።

«እኔን ነው?»

«ምግብ ሲመጣ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፤ ምን ላድርግ?» አለች ፈሂማ።

«ወላሂ ይቺ ሴት የተሰበረው ዳሌዋ ብቻ ነው፤ ምላሷ አልተነካም!» አለችና ናፊያ ነደባው ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ስሟን የወሰደችውን ዓሣ ስትገመግም ዋለች። «ውፍረቱስ ይሁን፤ ዓይኗ ግን እኔን አይመስልም።»

ሁለቱ ሴቶች ሲሥቁ ዐብዱልመሊክ ከመቆሚያው ሥር አልወጣም። ሥራው አልቆ ነበር፤ ድምፃቸውን እየሰማ ተቀምጦ ነው።

ልጃቸው ናዝራ ግን ገንዳውን አልወደደችውም። ናዝራ ከግንቡ ውጭ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባሏ ጋር ትኖራለች፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ መጥታ እናቷን ታጥባለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች። መጀመሪያ ቀን ገብታ ገንዳውን ስታይ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አባ፣ እማ የወደቀችው በውሃ ነው» አለች። «እርስዎ ደግሞ አንድ ቤት ሙሉ ውሃ ከእግሯ ሥር አምጥተው አስቀመጡ።»

«መስታወት ውስጥ ያለ ውሃ ነው፣ ልጄ።»

«እሺ። ይቺ ወለል ግን አንዴ ውሃ ካየች፣ ገንዳው ይወጣል። አሁን ነው የምናገረው።»

«ኢንሻአላህ አታይም» አለ።

መጀመሪያ ያስቸገረው ድምፁ ነበር። ሆቴል ውስጥ በጫጫታ መሃል ማንም አልሰማውም፤ እዚህ ዝምታ በበዛበት ቤት ግን ወራጁ ቧንቧ ያለማቋረጥ ይንጎራጎራል፣ ያገሳል፣ ይውጣል።

«አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ቆሞ ጉሮሮውን የሚያጥብ ይመስለኛል» አለች ፈሂማ።

«ዓሦቹን ልመልሳቸው?»

«ዓሦቹ ምን አደረጉ? ጉሮሮውን ዝጋልኝ።»

ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጠፈ። የሚጮኸው ውሃው አልነበረም፤ አየሩ ነው። ቧንቧው ሰፊ፣ የሚወርደው ውሃ ትንሽ ስለሆነ፣ ውሃው አየሩን እየጎተተ ሲወርድ ይጣላሉ። «ግማሽ ሆዱ ስለሆነ ነው» አላት። «ሙሉ ቧንቧ አይጮኽም።»

ይህ ደስ አሰኘው። ሲሞላ የሚሻል ነገር እሱ የሚያውቀው ነገር ነው። ሸዋ በር ሄዶ ውሃ የሚያጠብ ጌት ቫልቭ፣ የቧንቧ ማጠፊያ ጎሚቶና ማጣበቂያ ይዞ መጣ። ወራጁ ቧንቧ ላይ ከታች በኩል ቫልቩን ገጠመና በጥቂት በጥቂቱ ያጠብበው ጀመር። ቫልቩ ሲጠብ ውሃው ከኋላው ይከማቻል፤ ቧንቧው ይሞላል፤ አየር መግቢያ ያጣል። ፈሂማ ከነደባው ላይ ሆና ትጠራለች።

«አሁንም አለ… አለ… ቀነሰ… ቆይ፣ ተመለሰ! ትንሽ መልሰው… ጠፋ!»

እውነትም ጠፋ። ውሃው ይዞር እንደሆነ የሚታወቀው ዓሦቹ አጠገብ የምትወዛወዘውን የውሃ ቅጠል በማየት ብቻ ሆነ። ችግሩ ግን ቫልቩ በጣም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነበር። ፀጉር ታህል ከጠበበ በጥጉ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ከፍ ይላል፤ ፀጉር ታህል ከሰፋ ጉሮሮው ይመለሳል። ስለዚህ ከክፍሏ ሥር ተደፍኖ የኖረ ሁለተኛ ቀዳዳ ከፈተና አፉ ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ሌላ ቧንቧ ተከለበት። የመጀመሪያው ያልቻላትን ትንሽ ትርፍ ሁለተኛው ይቀበላል፤ ትንሽ ስለሆነች በቧንቧው ግድግዳ ተንሸራታ ድምፅ ሳታሰማ ትወርዳለች። ሦስተኛም ቀዳዳ ነበር። የሠራው ሰው ለአደጋ ጊዜ ብሎ ያስቀመጠው መሆኑን ዐብዱልመሊክ ያውቃል። ግን ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ መትከል እጁ አልሄደለትም። ክዳኑን አጥብቆ ተወው።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ጊዜ ሆነ። መብራት አንድ ሁለቴ ጠፍቶ ነበር፤ ፓምፑ ቆመ፣ መብራት ሲመጣ ተነሣ፣ ምንም አልሆነም። ናዝራ እንኳ እናቷን ስታጥብ ዓሦቹን በጎን ማየት ጀምራ ነበር። የውሃው ፈረቃ ግን ጭራሽ ጠፋ። ከላይኛው ገንዳ የተነነውን ፓምፑ ከታች እየገፋ ስለሚተካው ታችኛው እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ። ዐብዱልመሊክ ያንን ጎዶሎ ባየ ቁጥር ዓይኑን ያዞራል።

ውሃ የመጣው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከየቤቱ «መጣ! መጣ!» ተባለ። ዐብዱልመሊክ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሞላ። ውሃ እስኪመጣ ሳይነካው ለዓሦቹ ብሎ ካስቀመጠው በርሜል ደግሞ እየቀዳ ታችኛውን ገንዳ አፉ ድረስ ሞላው፤ የመጨረሻውን በጣሳ ነው የጨመረው። የሞላውን ገንዳ ቆሞ አየው፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ መሣሪያውን አንግቦ ወጣ። በውሃ ቀን ሥራ ይበዛበታል።

ከዙሁር ሶላት በኋላ መብራት ጠፋ።

ናዝራ ከሥራ ወጥታ ስትደርስ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ደፉን ነክቶ ነበር። የነደባው ቀይ አፈር ከሥሩ ረጥቦ እየተላጠ ነው። እናቷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ወለሉ አውርዳለች፤ እጇ ላይ የትራስ ልብስ ይዛለች፤ ውሃውን ልታደርቅ ኖሯል።

«እማ! እንዳትነኪው!»

ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ እግሯን መልሳ አወጣችላት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ መጥረግ ጀመረች። ዐብዱልመሊክ መሣሪያውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ሲደርስ ቀና አላለችም።

«እግሯን አውርዳ ነበር» አለች። «አንድ ደቂቃ ብዘገይ ኖሮ ዛሬ ሐኪም ቤት ነበር የምንገናኘው።»

ዐብዱልመሊክ ወለሉን አየ፣ ነደባውን አየ፣ የፈሂማን እግር አየ።

«ቧንቧው ለቆ ይሆናል» አለ።

«ምኑም ይልቀቅ። እስከ ነገ ጁምዓ ድረስ ይህ ነገር ከዚህ ቤት ይውጣ። አለበለዚያ እማን ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ።»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለች ፈሂማ።

ሁለቱም ዞሩ።

«እኔ ፎቅ ቤት አልወጣም። እዚያ ሄጄ ደግሞ የማንን ሳህን ልመልከት? ዓሦቹም የትም አይሄዱም።»

«እማ፣ ዳሌሽ…»

«ዳሌዬ የኔ ነው። አባትሽ ያበላሸውን አባትሽ ያስተካክል። ካላስተካከለ ያኔ አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ናዝራ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈች። «እስከ ነገ» አለች።

ዐብዱልመሊክ ያን ዕለትና በነጋታው ጠዋት መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። በደረቅ ጨርቅ አበሰና ጨርቁን አየው፤ ደረቅ ነው። ያጣበቀውን ቆርጦ እንደገና አጣበቀ። መስታወቱን በጣቱ ዳሰሰ። ጆሮውን ለጠፈ። ዝም ያለ ነው፤ ራሱ ነው ዝም ያሰኘው። ዕድሜውን ሙሉ የነገረው ጆሮ ዛሬ ምንም አልነገረውም። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

«አላገኘሁትም» አለ።

«እኔን ብትጠይቀኝ እኮ ነግሬህ ነበር» አለች ፈሂማ።

«አየሽው?»

«ምን ሌላ የማየው አለኝ? ቀኑን ሙሉ እሱኑ አይደል የማየው?» ትራሷ ላይ ተደገፈች። «ምንም ነገር አልለቀቀም። መብራት ሲጠፋ የላይኛው ውሃ መውረድ ጀመረ። ያ ፓምፑ የሚገፋበት ቧንቧ አፉ ውሃው ውስጥ ጠልቋል፤ አፉ እስኪታይ ድረስ ወረደ። ናፊያ ሆዷ ድንጋዩን ሊነካ ምን ቀራት። ታችኛው ደግሞ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለና በከንፈሩ ፈሰሰ።»

«ከዚህ በፊትም መብራት ጠፍቷል እኮ። ያኔ አልፈሰሰም።»

«ያኔም ወርዷል። ያኔ ግን ታችኛው ጎዶሎ ነበር፤ ዋጠው።» በአገጯ ወደ ታችኛው ገንዳ ጠቆመች። «ትናንት ሞላኸዋ። በጣሳ ሳይቀር።»

ዐብዱልመሊክ ገንዳውን አየው። ከበርሜል በጎማ ውሃ ስንት ጊዜ ስቦ ያውቃል! አንደኛው ጫፍ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ ሌላው ጫፍ ዝቅ ካለ፣ ውሃው አየር እስካላገኘ ድረስ እየተከተለ እንደሚወርድ እሱ ለስንቱ አሳይቷል። እዚህ ሳያየው ቀረ። ዓይኑ የፈለገው የሚያፈስ ነገር ነበር፤ ሙሉ ገንዳ ጥፋት ይሆናል ብሎ አንድም ጊዜ አላሰበም።

«ሱብሐነላህ» አለ ቀስ ብሎ።

ተነሣና ሥራ ጀመረ። ፓምፑ የሚገፋበትን ቧንቧ ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ ሊበሳው ሲል ፈሂማ ጮኸች።

«ደህናውን ቧንቧ?»

«አየር እንዲስብ ነው። ውሃው እዚህ ቀዳዳ ድረስ ሲወርድ አየር ይገባል፤ መሳቡ ይቆማል።»

«ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ዕቃ የለም እንዴ? ሮቶ ላይ የምታስረው?»

«አለ። ግን የኛ ውሃ አሸዋ አለው፤ አንዲት ቅንጣት ከተሰነቀረችበት አይዘጋም። ቀዳዳ ግን በየጊዜው ከተጠረገ አያታልልም።»

ቀጥሎ የሦስተኛውን ቀዳዳ ክዳን ፈታ። ከሁለቱም ከፍ ያለ ቧንቧ ተከለበት፤ አፉ ደረቅ፣ ውሃ ሳይነካው የሚቆም። ሲተክለው እጁ ቶሎ ቶሎ አልሄደም። ከዚያ የከበደው መጣ፤ ባልዲ ይዞ ከታችኛው ገንዳ መቅዳት። ቀዳ፣ አየው፣ በቃ አለ። ፈሂማ «ገና ነው» አለችው። ደግሞ ቀዳ። «ገና ነው።» ግማሹ ባዶ እስኪሆን አላስቆመችውም። ዐብዱልመሊክ ያን ባዶ መስታወት ሲያይ አንድ ነገር ከኪሱ የወሰዱበት ይመስል ነበር።

ናዝራ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣች። መጥረጊያውን አነሣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?»

«ጠብቂ» አለ።

መጀመሪያ የአንደኛውን ቧንቧ አፍ በጨርቅ ደፈነው። ውሃው በጥጉ ክፍል ከፍ አለ፤ ሁለተኛው ቧንቧ ዋጠው፣ መንጎራጎር ጀመረ። ሁለተኛውንም ደፈነ። ውሃው አሁንም ወጣ፤ ናዝራ መጥረጊያውን ጠበቅ አደረገች። ወደ ገንዳው ጠርዝ ሳይደርስ ደረቁ ቧንቧ ተቀበለው፤ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

«ይሄ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው!» አለች ፈሂማ ጆሮዋን ይዛ።

«ይጩህ!» አለ ዐብዱልመሊክ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይሄ ከጮኸ አንድ ነገር ተደፍኗል ማለት ነው። ትጠሪኛለሽ።»

ጨርቆቹን አወጣ። ዝምታው ተመለሰ። ከዚያ የፓምፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። ሦስቱም ታችኛውን ገንዳ አዩ። ውሃው ከፍ አለ። ናዝራ ጎንበስ አለች። አሁንም ከፍ አለ። ላይኛው ገንዳ ውስጥ ቧንቧው ላይ የበሳት ቀዳዳ አየር ስትስብ እንደ ማፏጨት ያለ ድምፅ አሰማች፤ ታችኛው ከከንፈሩ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ቆይተው አዩት። ቆሟል።

ናዝራ መጥረጊያውን አስቀመጠች። ፊቷ ግን አልተፈታም።

«ዛሬ እርስዎ እዚህ ስላሉ ነው» አለች። «የውሃ ቀን ይምጣና እናያለን። ውሃ ሲመጣ እርስዎን አውቃለሁ፤ አያስችልዎትም።»

እውነቷን ነበር።

በሚቀጥለው የውሃ ቀን ዐብዱልመሊክ ቤት አልነበረም። የሆነ ሰው ጣሪያ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያው ተንሳፋፊ ተሰብሮ ሮቶው አልሞላ ብሎት ጠርቶታል። ናዝራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ግቢው ውስጥ ጎማውን ይዛ ቆመች። በርሜሉን ሞላች፣ ጀሪካኖቹን ሞላች፣ ድስቶቹን ሞላች። ቧንቧው እየጮኸ ነው፤ ከየግቢው ባልዲ ይንቋቋል፣ ሰው ይጣራል። የጎማው ውሃ እየቀጠነ መጣና የመጨረሻው ጀሪካን ሲሞላ ሌላ ባዶ ዕቃ እንደሌለ አየች። ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ውሃው ሳይቆም መልሳ ልትሞላው፣ ምን ላይ ልገልብጠው እያለች ዞር ዞር አለች።

መቆሚያው ሥር ግማሹ ባዶ የሆነ ንጹሕ የመስታወት ገንዳ አለ።

ቁጭ አለችና ጀሪካኑን አዘነበለች።

«ናዝራ!» አለች ፈሂማ። ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ዋጠው። «አንቺ ናዝራ!»

ናዝራ አልሰማችም። የጀሪካኑን ክዳን በጥርሷ ይዛ ውሃው እንዳይረጭ በቀስታ ታንቆረቁራለች።

ፈሂማ ብርድ ልብሱን ገፋች። እግሮቿን አወረደች። ወለሉ ደረቅ ነው፤ በተረከዟ ሞከረችው። እራስጌዋ ካለው የብረት መደገፊያ ላይ ነጠላዋንና ፎጣዋን ወደ ፍራሹ ወረወረች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ ተነሣች። ብረቱን ገፋ፣ እግሯን ጎተት፤ ብረቱን ገፋ፣ እግሯን ጎተት አደረገች። ናዝራ የብረቱን ኳኳታ ስትሰማ ቀና አለች፤ እናቷ ከፊቷ ቆማለች።

ክዳኑ ከአፏ ወደቀ። «እማ! ማን ተነሺ አለሽ?»

«ማን ሙዪ አለሽ?»

ናዝራ ጀሪካኑን አየች። ገንዳውን አየች። ውሃው ከግማሽ አልፎ ሄዷል።

«ትርፍ ነበረኝ» አለች። «ቦታው… ባዶ ነበራ።»

«ባዶ ይሁን ነው የተባለው። አባትሽን ስትቆጪ ምን ነበር ያልሽው? አያስችልዎትም አይደል ያልሽው?»

ናዝራ መጀመሪያ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሣቅ አመለጣት። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በክንዷ ሸፍና ሣቀች። ፈሂማም ሣቀች፤ ስትሥቅ ብረቱ ተንቀጠቀጠ፣ ናዝራ በርግጋ ተነሥታ ወገቧን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ፣ ቆሜያለሁ። ያፈሰስሽውን ቅጂ።»

ናዝራ በጣሳ መልሳ ወደ ጀሪካኑ ቀዳች። አባቷ ያደረገውን አደረገች፤ ትቀዳለች፣ በቃ ትላለች፣ እናቷ «ገና ነው» ትላታለች። ውሃው ግማሽ ላይ ሲደርስ ናዝራ ቦርሳዋን ጎተተችና የጥፍር ቀለሟን አወጣች፤ ቀይ ነው። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችና ብሩሹን አስጠጋች።

«ከዚህ በላይ እንዳይሞላ እዚህ ጋ ላስምር?»

«ዝቅ አድርጊው።»

«እዚህ?»

«አሁንም ዝቅ። አንቺም አባትሽም እጃችሁ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«እማ፣ እግርሽ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እባክሽ ተቀመጪ።»

«መስመሩን ጨርሺ» አለች ፈሂማ፣ ብረቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ገንዳው ዝቅ አድርጋ እያየች። «ያኔ እቀመጣለሁ።»